የማይነጋገሩ ኮምፒውተሮች፣ የማይስማሙ መምሪያዎች

የመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በደረሰ ሰሞን የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ የተጠርጣሪዎቹን ፎቶግራፍ ለቅርንጫፍ ቢሮዎቹ በኢሜይል ማድረስ ስላልቻለ በፈጣን ፖስታ ላከ። (ቀናቱና ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መርማሪዎቹ የሚገለገሉበት የመዝገብ ሥርዓት በ1995 የተዘረጋ፣ በጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚደረድር፣ ከአስቸጋሪነቱ የተነሳም ብዙዎቹ ወረቀቱን የሚመርጡት ዓይነት ነበር። ይህን ለመለወጥ ትሪሎጂ የተሰኘ ፕሮግራም ከጥቃቱ በፊት ተነድፎ ነበር፤ ከጥቃቱ በኋላ ደግሞ ገንዘቡ ተጨመረለት፣ ጊዜውም እንዲያጥር ግፊቱ በረታ። ከፕሮግራሙ ሦስት ክፍሎች ትልቁ ተስፋ የተጣለው «ቨርችዋል ኬዝ ፋይል» በተባለው ሶፍትዌር ላይ ነበር። የምርመራ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያሻግራል የተባለው ይህ ሶፍትዌር ግን 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣበት በኋላ በ2005 በመላው ተቋሙ ሥራ ላይ ሳይውል ተተወ።

እንዲህ ያለ ኪሳራ ሲደርስ ተወቃሽ አይጠፋም። ሶፍትዌሩን የሠራው ኩባንያ፣ ቢሮው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 400 የሚጠጋ የለውጥ ጥያቄ አዥጎድጉዶብኛል አለ። ቢሮው በበኩሉ የተሰጠኝ ሥራ ስሕተት የሞላበት ነው ብሎ መለሰ። ጉዳዩን የተመለከተው ገለልተኛ ዳኛ ከ59 ችግሮች 40ውን በኩባንያው፣ 19ኙን በቢሮው ላይ ደለደለ። ሁለቱም የእጃቸውን ያገኙ ይመስለኛል። ሆኖም ርክክቡ ከመፈጸሙ ከወራት በፊት፣ በመስከረም 2003፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ኦዲተር የሆነው ጂኤኦ ከኮዱ ጥራት ይልቅ ተቋሙን ራሱን የሚመለከት ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ሪፖርቱ እንደሚለው ኤፍቢአይ ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር የሚባለው ነገር የለውም፤ በዚህ ረገድ የተቋማት ብስለት በሚለካበት ሚዛንም ከእርከኖቹ ሁሉ ዝቅተኛው ላይ ነው። ከዳኛው የ59 ችግሮች ዝርዝር ይልቅ ይህ አጭር ፍርድ ነገሩን ይበልጥ ያብራራል ብዬ አምናለሁ።

ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ጥያቄዎችን የሚመልስ ሰነድና ስምምነት ነው። ተቋሙ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ለሥራው የትኛው መረጃ ያስፈልገዋል? መረጃው የት ተቀምጧል፣ ባለቤቱስ ማን ነው? የትኛው ሶፍትዌር ከየትኛው ጋር ይገናኛል? ዛሬ ያለው ይህ ከሆነ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መሆን ያለበት ምንድን ነው? የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ጆን ዛክማን በ1987 በኩባንያው መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በሠንጠረዥ አሰናድቶ ካቀረበ ወዲህ ሙያው ስም አግኝቷል። ከከተማ ማስተር ፕላን ጋር ቢነጻጸር ስሕተት የለውም። ባለ ይዞታው ቤቱን እንደ ፍላጎቱ ይሠራል፤ መንገዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የፍሳሽ መስመሩ ከየትኛው ቱቦ ጋር እንደሚገጥም ግን እሱ አይወስንም። ማስተር ፕላን የሚያጣላውም በሥዕሉ አስቸጋሪነት አይደለም፤ አንዳንዱን አጥሩን እንዲያስጠጋ ስለሚያስገድደው ነው።

የብስለት ደረጃ የሚለው ሐሳብ ከሌላ በኩል መጣ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምህንድስና ተቋም በዋትስ ሃምፍሪ መሪነት የተጀመረው ጥናት የሶፍትዌር ሠሪዎችን አሠራር በአምስት እርከን የሚመድብ መለኪያ በ1991 አወጣ። ሐሳቡ ወዲያው ተዛመተና ለአርክቴክቸርም የየራሱን መሰላል የሚያቀርብ በዛ። ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቀሰው የኤምአይቲ ተመራማሪዎቹ ጂን ሮስ እና ፒተር ዌል ከዴቪድ ሮበርትሰን ጋር በ2006 በታተመ መጽሐፋቸው ያቀረቡት ባለ አራት ደረጃ ነው። አማካሪዎች በስላይድ ሲያሳዩት አራት ደረጃ ያለው የቴክኖሎጂ እድገት ይመስላል፤ ገንዘብ ያለው የሚወጣው፣ የሌለው ከታች የሚቀርበት። እኔ የማነበው በሌላ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ በተቋሙ ውስጥ አንድ ሰው ወይም አንድ ክፍል እስከ ትናንት ይወስንበት የነበረውን ጉዳይ መተዉን የሚያመለክት ምልክት ነው። ብስለቱ ያለው በዚህ መተው ውስጥ ነው። ሰርቨሩና ሶፍትዌሩ ተከታይ ናቸው።

በመጀመሪያው ደረጃ ማንም ምንም አልተወም። እያንዳንዱ የሥራ ክፍል የራሱን ችግር በራሱ ሶፍትዌር ይፈታል። ይህን ደረጃ በንቀት ማየት ልማድ ሆኗል፤ ተገቢ ግን አይመስለኝም። የፋይናንስ ኃላፊው ደመወዝ በወቅቱ እንዲከፈል ይፈልጋል፣ ስለዚህ የደመወዝ ፕሮግራም ያስገዛል። የሰው ኃይል ክፍሉ የሠራተኛ ፋይል መፈለግ ሰልችቶታል፣ ስለዚህ የራሱን ዳታቤዝ ያሠራል። የንብረት ክፍሉ የረጂ ድርጅት ፕሮጀክት ሲመጣለት ከፕሮጀክቱ ጋር የመጣውን ሲስተም ይቀበላል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ቢታይ ትክክል ነው፤ ኃላፊው የሚመዘነው በራሱ ክፍል ውጤት ነውና። ጉዳቱ የሚታየው ከውጭ ነው። ባለጉዳዩ አንድ ሆኖ ሳለ በእያንዳንዱ መስኮት አዲስ ሰው ይሆናል፤ ኮፒና ኦሪጅናሉን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚዞረው የተቋሙ ኮምፒውተሮች ሊያደርጉት የሚገባውን መልእክት በእግሩ ሲያደርስ ነው። ስለዚህ «ሲስተም የለም» ከሚለው ከለመድነው መልስ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ያለው የሲስተም መብዛት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህን ደረጃ ዋጋ በአንድ ምሳሌ ማየት ለሚፈልግ የኔስሌን የአሜሪካ ኩባንያ ታሪክ የሚያህል የለም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ኩባንያው ግዥውን ሲፈትሽ ለአንድ ዓይነት ቫኒላ፣ ለዚያው ለአንዱ አቅራቢ፣ 29 የተለያዩ ዋጋዎች ሲከፍል እንደኖረ ተገነዘበ። እያንዳንዱ ፋብሪካ ቫኒላውን በራሱ ኮድ ይመዘግበው ስለነበር ማንም ሊያነጻጽር አልቻለም። አቅራቢው ግን ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ እያንዳንዱን ፋብሪካ ሊከፍል ይችላል ብሎ የገመተውን አስከፍሏል። እዚህ ላይ የጎደለው ኮምፒውተር አልነበረም፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ በሚገባ የሚሠራ ሲስተም ነበረው። የጎደለው መዝጋቢዎቹ ሁሉ «ቫኒላ ማለት ይህ ነው» በሚለው ላይ መስማማታቸው ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲደረስ የሥራ ክፍሎቹ የሚተዉት መብት ትንሽ ነው፤ የመሣሪያ ምርጫ። ተቋሙ አንድ ዓይነት ዳታቤዝ፣ አንድ ዓይነት የኔትወርክ ደረጃ፣ ጥቂት የተመረጡ አቅራቢዎች ይኖሩታል፤ የመምሪያ ኃላፊው «እኔ የምፈልገው ይህን ነው» ቢል የአይሲቲ ዳይሬክተሩ «ከዝርዝሩ ውጭ ነው» ሊለው ሥልጣን ያገኛል። ጥቅሙ ቶሎ የሚታይ ነው። የኤምአይቲ ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት በዚህ ደረጃ ያሉ ኩባንያዎች የአይቲ ወጪያቸው በመጀመሪያው ደረጃ ካሉት በ15 ከመቶ ያህል ያንሳል። ካጠኗቸው 103 ኩባንያዎች 12 ከመቶው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ 48 ከመቶው ማለትም ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ላይ መገኘታቸውም አያስገርምም። ሠራተኛ ስለ ሰርቨር ዓይነት ብዙ አይጣላም። ሁለተኛው ደረጃ ግን አዘናጊ ነው፤ ማሽኖቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ መረጃው አንድ የሆነ ይመስላልና። አንድ ዓይነት ዳታቤዝ ውስጥ የተቀመጡ አምስት የማይመሳሰሉ የደንበኛ ዝርዝሮች ያው አምስት ዝርዝሮች ናቸው።

እውነተኛው ትግል ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ መካከል ነው። እዚህ ላይ እንዲተው የሚጠየቀው መሣሪያ አይደለም፤ ትርጉምና አሠራር ነው። ደንበኛ ማን ነው? ሠራተኛ የሚባለው ኮንትራቱንም ይጨምራል? አንድ ሽያጭ ተፈጸመ የሚባለው ዕቃው ሲወጣ ነው ወይስ ገንዘቡ ሲገባ? እነዚህ ጥያቄዎች ለአንድ ክፍል ሲመለሱ ሌላውን ያከስራሉ፤ የሪፖርት አኃዙን ይለውጣሉ፣ የማን ክፍል ትርፋማ እንደሆነ ይለውጣሉ፣ አንዳንዴም የአንድን ክፍል አስፈላጊነት ያሳጣሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ። ኃይለ ሥላሴ የተባለ አንድ ሰው በአንዱ መዝገብ ሀይለስላሴ፣ በሌላው ኃይለሥላሴ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ በአራትና በአምስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ የትውልድ ቀኑ በአንዱ ቢሮ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ይሰፍራል። የአባቱን ስም የሚያስቀድም ፎርም ያጋጠመው እንደሆነ ጭራሽ ሌላ ሰው ይሆናል። ሰዎቹን አንድ አድርጎ ለመመዝገብ ፕሮግራመር ሊጽፈው የሚችል ኮድ ሞልቷል፤ ሦስት መዝገቦች ሲጋጩ የትኛው ይረታል የሚለውን ግን ፕሮግራመር ሊወስን አይችልም። ያንን መወሰን የሚችለው የሦስቱም አለቃ የሆነ ሰው ብቻ ነው፤ ቢወስንም ሁለቱን ማስቀየሙ አይቀርም።

ኔስሌ ይህን የተማረው በውድ ነው። ከቫኒላው በኋላ መላውን የአሜሪካ ሥራ በአንድ ሥርዓት ለማስኬድ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ በጀት ያዘ። አዲሱ አሠራር በቀጥታ የሚነካቸው ክፍሎች ግን በንድፉ ላይ ስላልተካፈሉ አመጹ፤ ሠራተኞች ተማረሩ፣ ብዙዎችም ለቀቁ፣ በ2000 አጋማሽ ላይ ሥራው ቆሞ እንደገና ከመጀመሪያው እንዲታሰብ ግድ ሆነ። በኋላ ተሳክቶለታል። የፕሮጀክቱ መሪ የነበሩት ጀሪ ደን ከዚያ በኋላ በይፋ የተናገሩት ቁም ነገር፣ ትልልቅ የሶፍትዌር ሥራዎች ዋና ጉዳያቸው ሶፍትዌር አለመሆኑን፣ የሰውን አሠራር መለወጥ መሆኑን ነው። በኤምአይቲ ጥናት ሦስተኛው ደረጃ ላይ የተገኙት 34 ከመቶ ነበሩ፤ የአይቲ ወጪያቸውም ከመጀመሪያው ደረጃ በ25 ከመቶ ያህል ያንስ ነበር። በአራተኛው ላይ የተገኙት 6 ከመቶ ብቻ ናቸው።

አራተኛው ደረጃ አቅጣጫው ስለሚገለበጥ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነገራል። እስካሁን የሥራ ክፍሎቹ ለማዕከሉ ሲተዉ ቆይተዋል፤ አሁን ማዕከሉ መልሶ ይሰጣል። መረጃውና ዋናው አሠራር አንድ ሆኖ ከተረጋጋ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል በዚያ ላይ እንደ ፍላጎቱ ሊገጥምና ሊነቅል ይችላል፤ አዲስ አገልግሎት ለመጀመር ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም፣ የጋራውን ደንብ እስከጠበቀ ድረስ። ወጪውም እንደገና ከፍ ይላል፤ ዓላማው ቁጠባ መሆኑ ያበቃና አዲስ ነገር መሞከር ይሆናል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው አራተኛው ደረጃ ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰላል፣ በሁለቱም ሁሉም የየራሱን ሲሠራ ይታያልና። ወጣት ድርጅቶች «እኛ ነፃ ነን፣ ስለዚህ ዘመናዊ ነን» የሚሉት ይህን መመሳሰል ይዘው ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ሁለት ክፍሎች መረጃ መለዋወጥ ያስፈለጋቸው ዕለት ነው።

አሁን የኤፍቢአይን ነገር በዚህ መነጽር ብናየው የዳኛው ዝርዝር የማይነግረንን እናገኛለን። «ቨርችዋል ኬዝ ፋይል» የሦስተኛ ደረጃ ምርት ነበር፤ ለመላው ተቋም አንድ የመዝገብ አያያዝ፣ አንድ የሥራ ሂደት። ያዘዘው ግን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የነበረ ተቋም ነው። የቢሮው ዘርፎች የየራሳቸው የአይቲ በጀት ነበራቸው፣ በዚያው የየራሳቸውን ሲስተም ይገነቡ ነበር። ከ800 ገጽ በላይ የሆነ የፍላጎት ሰነድ ቢዘጋጅም ዘርፎቹን የሚያስማማ የበላይ ስላልነበረ ሰነዱ መጨረሻ አልነበረውም፤ አራት መቶ የለውጥ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። በፕሮግራሙ ዕድሜ አምስት ሰዎች በዋና የመረጃ ኃላፊነት ወንበር ላይ ተፈራርቀዋል። ኩባንያው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ አለቆቹ ያልተስማሙበትን ነገር በኮድ ሊያስማማ አይችልም ነበር። በ2004 ሹመቱ የጸናለት ዛልማይ አዝሚ የተቋሙን የአይቲ በጀት በአንድ እጅ እንዲይዝ ሲደረግ ነው መሬቱ የተደላደለው። ተተኪው ሴንቲነል በ2006 ተጀምሮ፣ እሱም ያለ እንቅፋት ባይሆንም፣ በ2012 በመላው ቢሮ ሥራ ላይ ዋለ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ሴንቲነልም ቢሆን ዳር የደረሰው በ2010 ኤፍቢአይ ሥራውን ከኮንትራክተሩ ተቀብሎ፣ በትንንሽ ቡድን፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራ ነገር እያሳየ ሲቀጥል ነው። ታዲያ ያዳነው አርክቴክቸር ነው ወይስ አጃይል የሚባለው ፈጣን አሠራር? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ሁሉንም ነገር በወረቀት ጨርሶ ወደ ሥራ መግባት የከሸፈ ዘዴ ነው፤ የአርክቴክቸር ባለሙያዎች ራሳቸው ሥዕል አምላኪ ሆነው ለዓመታት ማንም የማያነበው ሰነድ ሲያመርቱ ኖረዋል። ነገር ግን ትንሽ ቡድን በሁለት ሳምንት ሊወስን የሚችለው የሚወስንለት አንድ ባለቤት ሲኖር ነው። በ2002 ያ ባለቤት ቢፈለግ አይገኝም ነበር፤ ያ ፈጣን ቡድን ቢኖር ኖሮ በየሁለት ሳምንቱ የተለያየ ዘርፍ የተለያየ ነገር ያዝዘው ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የምሁራን ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የማከብረውም ይህንን ነው። ተቋማት በደረጃ ያድጋሉ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። የሃርቫርዱ ሪቻርድ ኖላን በ1973 አራት፣ በ1979 ደግሞ ስድስት የኮምፒውተር አጠቃቀም ደረጃዎችን አቅርቦ በጣም ዝነኛ ሆኖ ነበር። በ1984 ተመራማሪዎች ሐሳቡን በማስረጃ ሲፈትሹት ግን ተቋማት በተባለው ቅደም ተከተል እንደሚጓዙ የሚያሳይ በቂ ድጋፍ አላገኙም። የኤምአይቲው መሰላል አኃዞችም ቢሆኑ በአንድ ወቅት ከተሰበሰበ መጠይቅ የተገኙ ናቸው፤ አንድን ኩባንያ ለሠላሳ ዓመት ተከትሎ ካየ ጥናት የመጡ አይደሉም። በመጽሐፉ በጥሩ ምሳሌነት የተጠቀሰው የዴልታ አየር መንገድ እንኳ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት፣ በመስከረም 2005፣ በኪሳራ ሕግ ጥበቃ ሥር ለመግባት ለፍርድ ቤት አመልክቷል። የተስተካከለ የመረጃ ሥርዓት የነዳጅ ዋጋን አይቀንስም። ስለዚህ ደረጃዎቹን እንደ ተፈጥሮ ሕግ፣ ልጅ ድሆ ቆሞ እንደሚሄደው ዓይነት አድርጎ መውሰድ ትክክል አይደለም። እኔ የምከራከረው ከዚህ ለጠበበ ነገር ነው። በቅደም ተከተሉ ውስጥ የእድገት ሳይሆን የጥገኝነት ግንኙነት አለ። በትርጉም ሳይስማሙ መረጃን አንድ ማድረግ አይቻልም፤ አንድ ያልሆነን መረጃ በደንብ ገጣጥሞ መበተን ደግሞ ትርጉም የለውም። አንድ ተቋም ሁለቱን ደረጃ በአንድ ዓመት ሊወጣ ይችላል፤ አንዱን ሳይወጣ ሌላው ላይ ሊቆም ግን አይችልም።

ኢስቶኒያ ዘለለች ይባላል። ከሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትወጣ የረባ የኮምፒውተር ሥርዓት አልነበራትም፤ በ2001 ኤክስሮድ የተባለውን የመረጃ መለዋወጫ ዘረጋች፣ በ2002 የዲጂታል መታወቂያ ካርድ ማደል ጀመረች፣ ዛሬ የአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ሰው አገር ሆና የዓለም ምሳሌ ናት። የሚነገረው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሚያስተምረው ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ኤክስሮድ የማንንም ዳታቤዝ አልወረሰም፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ይዞ ቀጠለ። የአገሪቱ ሕግ ግን አንድ መረጃ በአንድ ቦታ ተመዝግቦ እያለ ያንኑ ለመሰብሰብ ሌላ የመንግሥት ዳታቤዝ ማቋቋምን ይከለክላል። ይህ የሶፍትዌር ውሳኔ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቶች ዜጋውን ደግመው የመጠየቅ መብታቸውን በሕግ እንዲተዉ ማድረግ ነው። ኢስቶኒያ ደረጃውን አልዘለለችም፤ ሌሎች ተቋማት በኮሚቴ የሚያዘግሙትን ክርክር በሕግ አንቀጽ አሳጠረችው። አገሪቱ ትንሽ መሆኗ፣ የሚነቀልም አሮጌ ሥርዓት አለመኖሩ እንደረዳት ግን አይካድም።

ሁሉም መውጣት አለበት ወይ? የለበትም። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ለረጅም ዘመን ከ200 በላይ ኩባንያዎችን ይዞ፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው እንዲሠሩ እያደረገ በልጽጓል፤ የሕፃን ሳሙናና የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚሸጡ ሰዎች የጋራ አሠራር ቢኖራቸው የሚያተርፉት ጥቂት ነው። የኤምአይቲ ተመራማሪዎቹም ከደረጃው በፊት የሚያስቀምጡት ጥያቄ ክፍሎቹ ደንበኛ ይጋራሉ ወይ፣ አሠራራቸውስ አንድ ዓይነት መሆን አለበት ወይ የሚለው ነው። መልሱ «አይ» ከሆነ ሁለተኛው ደረጃ ላይ በክብር መቆም ይቻላል። የብስለት መለኪያ የሚያበላሸው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ቁጥሩን ማሳደድ ሲጀመር ነው። አሜሪካ በ1996 በወጣ ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን አርክቴክቸር እንዲኖራቸው አስገደደች፤ ጂኤኦ በ2002 ባወጣው ሪፖርት 48 ከመቶዎቹ መሠረቱን እንኳ አላሟሉም፣ ሥራው ውጤታማ ነው ሊባል የሚችለው በ4 ከመቶዎቹ ብቻ ነው አለ። ሕጉ ሰነድ ማዘጋጀትን ማዘዝ ችሏል፤ መምሪያዎቹ እንዲስማሙ ማዘዝ ግን አልቻለም።

በአገራችን ይህ ክርክር ባዕድ አይደለም። የጤናው ዘርፍ ሥራውንና ረጂዎቹን በአንድ ለማስተባበር በተነሳ ጊዜ የያዘው መርህ «አንድ እቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚል ነበር። መርሁ የመጣው ረጂው፣ ፕሮግራሙና ቢሮው ሁሉ የየራሱን ፎርም በሚያስሞላበት፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ተመሳሳይ ቁጥር በተለያየ ወረቀት በሚደጋግምበት ዘመን ነው። ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የሪፖርት ሶፍትዌር በአገር አቀፍ ደረጃ የተዘረጋው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ማን የራሱን ፎርም ይተው የሚለው ክርክር ከሶፍትዌሩ ቀድሞ መነሳቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በባንኮች በኩልም ኢትስዊች ከመምጣቱ በፊት የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም በአብዛኛው አይሠራም ነበር። አሁን ይሠራል፤ ይህ ሲሆን አንድም ባንክ ሂሳቡን ለሌላው አላስረከበም፣ ሁሉም የተዉት በራሳቸው ቋንቋ ብቻ የመነጋገርን መብት ነው።

ዛሬ ጥያቄው ወደ መንግሥት አገልግሎት ተሻግሯል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ብዙ ተቋማትን በአንድ ጣሪያ ሥር አምጥቷል፤ ጣሪያው አንድ መሆኑ ከጀርባ ያሉት መዝገቦች አንድ መሆናቸውን ግን በራሱ አያረጋግጥም፣ ያ ለብቻው የሚሠራ ሥራ ነው። ለዚያ ሥራ ቁልፍ ሊሆን የሚችለው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ዓ.ም. መሠረት የሚሰጠው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ነው፤ ኃይለ ሥላሴ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ በቁጥሩ አንድ ሰው ሆኖ ይገኛልና። ቁጥሩ ግን ሰውዬው ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ፣ ገቢዎች፣ ባንኩና ወረዳው በያዙት አድራሻ ሲለያዩ የማን መዝገብ እንደሚታረም አይናገርም። ያንን የሚወስን ደንብ፣ ከዚያም ያለፈ፣ በሌላ ቢሮ ያለን መረጃ ከዜጋው ደግሞ መጠየቅን እንደ ኢስቶኒያ የሚከለክል አንቀጽ ቢወጣ፣ በመጀመሪያ የሚያጉረመርሙት የአይሲቲ ባለሙያዎች አይሆኑም። የራሳቸውን ፎርም ማስሞላት የለመዱ የሥራ ክፍሎች ናቸው፤ የሚያቀርቡት ምክንያትም ሁልጊዜ የማያሳፍር ነው፦ የጥራት፣ የምስጢር፣ የተጠያቂነት። አንዳንዱ እውነት ስለሚሆን እያንዳንዱን ለብቻው እየሰማ የሚዳኝ፣ በጀቱንም በእጁ የያዘ አካል ማን እንደሚሆን ሶፍትዌሩ ከመገዛቱ በፊት መታወቅ አለበት።